በዓይንዎ ያዩትን ብቻ

[የፕሮፌሰር ቢሮ፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ። ፕሮፌሰር የሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል አንጋፋ ሐኪም ናቸው። አዳዲስ ሐኪሞችን ስለ ሙያ ሥነ ምግባር በትሕትና እንዴት መምከር እንደሚቻል የሁለት ቀን ሥልጠና ስለወሰዱ፣ ከትናንት ጀምሮ በትሕትና የሚስተካከላቸው የለም። ፋሻ የሚሉት ሰው በዚያው ክፍል ቁስል ሲያጥብና ሲያሽግ ሃያ ዓመት ሆኖታል። የሳምንቱን ፊርማ የሚጠብቁ አርባ የበሽተኛ ካርዶች ተሸክሞ መጥቶ፣ ካርዱን ገና ከማስቀመጡ ወንበር አሸክመውታል። እየተጨቃጨቁ ነው።]

ፕሮፌሰር፦ ጎን ለጎን አልኩህ እኮ! ጎን ለጎን!

ፋሻ፦ ጎን ለጎን ከሆነማ ሁለታችንም ግድግዳውን ነው የምናየው፣ ፕሮፌሰር። አውቶቡስ የምንጠብቅ ነው የሚመስለው።

ፕሮፌሰር፦ ሰያፍ አድርገዋ! ፊት ለፊት ከሆነ ፍርድ ቤት ይመስላል፣ ጎን ለጎን ከሆነ ፌርማታ ይመስላል። ሰያፍ ሲሆን ግን መተማመን ይፈጥራል።

ፋሻ፦ እርስዎ ጎን ለጎን ነው ያሉት።

ፕሮፌሰር፦ ያልኩትን ሳይሆን ያሰብኩትን አድርግ!

ፋሻ፦ እሺ። ግን ይኼኛው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው። ሰያፍ ካደረግኩት የተቀመጠበት ሰው ይወድቃል።

ፕሮፌሰር፦ እሱ የተመካሪዋ ነው። የእኔ ያኛው ነው፣ ስፖንጅ ያለው።

ፋሻ፦ አሃ። መተማመኑ በእርስዎ በኩል ነው ማለት ነው።

ፕሮፌሰር፦ ምን አልክ?

ፋሻ፦ ስፖንጁ ጥሩ ነው አልኩ።

ፕሮፌሰር፦ በል ስማ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሠልጣኟ አዲሷን ዶክተር ይዛ እዚህ ትመጣለች። እኔ ልጅቷን ስመክር ቁጭ ብላ ታያለች። ካማረልኝ የመምህራኑ ሁሉ አማካሪ ሆኜ እሾማለሁ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ባንተ ላይ ልለማመድ።

ፋሻ፦ [እጅጌውን እየሰበሰበ] መርፌ ነው?

ፕሮፌሰር፦ የምን መርፌ! አንተ አዲሷን ዶክተር ትሆናለህ።

ፋሻ፦ እኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ስንት ዓመት ይፈጃል?

ፕሮፌሰር፦ አምስት ደቂቃ! ማስመሰል ነው እኮ!

ፋሻ፦ እሺ። ታዲያ ማንን ልመርምር?

ፕሮፌሰር፦ ማንንም አትመርምር! ዝም ብለህ ቁጭ በልና ተመከር።

ፋሻ፦ ዝም ብሎ ቁጭ ማለትማ ለእሷ አይሆንላትም። [ይቀመጣል። ወንበሩ ወደ ግራ ዘንበል ይላል፤ እሱም አብሮ።] ምክሩ ሲያልቅስ? ተጨባብጠን እንለያያለን?

ፕሮፌሰር፦ ሲያልቅ ይኼን ፎርም እሞላለሁ። «ብቁ ናት» ካልኩ የሐኪምነት ልምምዷን ትጨርሳለች። «ትድገም» ካልኩ ሦስት ወር ትደግማለች።

ፋሻ፦ ሦስት ወር! የተቀጠረችበት ጤና ጣቢያ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰች ሌላ ሰው ይወስዳል እኮ። ራሷ ናት የነገረችን።

ፕሮፌሰር፦ ለዚህ እኮ ነው ምክር በፍቅር ይሰጥ የተባለው።

ፋሻ፦ ምን ሊሉ አስበዋል?

ፕሮፌሰር፦ «ትድገም»። ምልክቱን ጠዋት አድርጌዋለሁ። አሁን የቀረኝ ፍቅሩ ነው።

[ፕሮፌሰር ከካርዶቹ አንዱን ስበው ሳይገልጡ ይፈርማሉ፣ ቲተር የሚሉትን የስም ማኅተማቸውን ቋ ያደርጉበታል፣ ወደ ጎን ይገፉታል። በወሬ መካከል እጃቸው ሥራውን አይፈታም።]

ፕሮፌሰር፦ አንደኛ ደረጃ፣ ምስጋና። የሚመከር ሰው መጀመሪያ ይመሰገናል። [ድምፃቸውን አለስልሰው] እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ?

ፋሻ፦ እኔማ አልተኛሁም።

ፕሮፌሰር፦ እሱን አልጠየቅኩሽም። በመጀመሪያ ጥሩ ጎንሽን ልንገርሽ። ጥሩ ጎንሽ... [ይቆማሉ] ጥሩ ጎኗ ምንድን ነው?

ፋሻ፦ እኔን ነው?

ፕሮፌሰር፦ አንተን ነዋ! አብራችሁ አይደል የምትውሉት?

ፋሻ፦ አሁን እኮ እኔ እሷ ነኝ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፣ ጨዋ ነኝ።

ፕሮፌሰር፦ እሺ፣ እሺ። ጋወንሽ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። በዚህ አመሰግንሻለሁ።

ፋሻ፦ ኧረ ንጹሕ አይደለም። ትናንት አንድ ታማሚ አስመልሰውብኛል።

ፕሮፌሰር፦ ምስጋና ሲሰጥሽ ተቀበይ! ምን ዓይነት ልጅ ናት ይቺ? ሁለተኛ ደረጃ። [ከሥልጠናው መመሪያ ያነባሉ] «ሁሌ፣ ዘወትር፣ በጭራሽ ማለት ክልክል ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ይጠቀስ።» ሦስተኛ፣ «በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይናገሩ።» ገባህ? ወሬ የለም፣ ሐሜት የለም። ሳይንስ ነው።

ፋሻ፦ በዓይን ያዩትን ብቻ። በጣም ጥሩ ሕግ ነው።

ፕሮፌሰር፦ እንግዲህ ያዝ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ዋርድ ውስጥ፣ ለበሽተኞች ጉብኝቱ፣ ለራውንዱ ዘግይተሻል።

ፋሻ፦ አዩኝ?

ፕሮፌሰር፦ እ?

ፋሻ፦ ስገባ አዩኝ ወይ ነው የምልዎት።

ፕሮፌሰር፦ ሰማሁ። ተነገረኝ።

ፋሻ፦ እርስዎ ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?

ፕሮፌሰር፦ ተመካሪ አይጠይቅም!

ፋሻ፦ እሷ ትጠይቃለች። እሳት የላሰች ናት።

ፕሮፌሰር፦ ስብሰባ ላይ ነበሩ በላት።

ፋሻ፦ ለማን ልበል? እኔ ነኝ እኮ እሷ።

ፕሮፌሰር፦ ተወው፣ ተወው! ይኼ ይቅር። ሌላ ጥፋት እይዛለሁ፤ ጥፋት እንደሆነ ሞልቷታል። በሥራ ሰዓት ስልክ ታበዣለሽ።

ፋሻ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ?

ፕሮፌሰር፦ ይኸው! [ስልካቸውን አውጥተው ያሳያሉ] ያው ማክሰኞ። አሥራ አንድ ጊዜ! በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። በዓይኔ ነው ያየሁት።

ፋሻ፦ ይኼስ እውነት ነው፣ በዓይንዎ አይተዋል። ለማን ነው የደወለችው?

ፕሮፌሰር፦ ለእኔ ነዋ!

ፋሻ፦ ምን ፈልጋ ነበር?

ፕሮፌሰር፦ ምኑን አውቄ! አንስቼው መሰለህ?

[ቋ። ቋ። ሁለት ካርድ ተፈረመ።]

ፋሻ፦ ይኼ ጥፋት ለማን እንደሚጻፍ ትንሽ ግራ ገባኝ። ዘገምተኛ ስለሆንኩ ነው።

ፕሮፌሰር፦ እሱን እንኳ እኔም አውቃለሁ። አለባበስ! አለባበስ ላይ እንሂድ። ዶክተር የሚባል ሰው ስኒከር አድርጎ ሥራ ይገባል? ረቡዕ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መኪና ማቆሚያው ጋ። ከመኪናዬ ስወርድ በፊቴ እየሮጠች አለፈች። ሰላምታ እንኳ የለም!

ፋሻ፦ ወዴት ነበር የምትሮጠው?

ፕሮፌሰር፦ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ፋሻ፦ ስኒከር አድርጋ?

ፕሮፌሰር፦ ስኒከር አድርጋ!

ፋሻ፦ አይ የዛሬ ልጆች። ባለ ተረከዝ አድርጋ ቀስ ብላ ብትሄድ ታማሚው ይጠብቃት ነበር።

ፕሮፌሰር፦ [ረክተው] አየህ፣ አንተ እንኳ ገባህ።

[ፋሻ ወንበሩን ወደ ቀኝ ይጭነዋል። አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል ይዘማል።]

ፋሻ፦ ፕሮፌሰር፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። በስኒከር ሰው ሦስት ወር አይደግምም። ልጅቷ ምን አድርጋዎት ነው?

ፕሮፌሰር፦ [ብዕራቸውን ይወረውራሉ] ጻፈች!

ፋሻ፦ ምን ጻፈች?

ፕሮፌሰር፦ የሰባት ቁጥር አልጋዋን አሮጊት ካርድ አላየህም? «ሲኒየር ሐኪም ሦስት ጊዜ ተጠርተው አልመጡም» ብላ ጻፈች! በቀይ!

ፋሻ፦ አልመጡማ።

ፕሮፌሰር፦ አለመምጣት አንድ ነገር ነው፣ መጻፍ ሌላ ነገር ነው! ሠላሳ ዓመት በዚህ ቤት ደንቡ ይታወቃል። አዲስ ሐኪም «ከሲኒየር ጋር ታይቷል» ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ዓርብ እፈርማለሁ፣ ሁሉም በሰላም ያድራል። እኔም ወጣት ሆኜ ለአለቃዬ እንደዚያው ነው የጻፍኩት። ከእሱ ጋር ያላየሁት በሽተኛ የለም፤ እሱን ግን አይቼው አላውቅም! ሙያዊ ሥነ ምግባር ማለት ይኼ ነው።

ፋሻ፦ እሷ ያዩትን ብቻ የሚለውን ሕግ ቀድማ የሰማች ይመስለኛል።

ፕሮፌሰር፦ የቤት ገመና አደባባይ አውጥታ! ገምጋሚ ኮሚቴው ሰኞ ጠርቶ ሲያሳየኝ መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ፋሻ፦ ኮሚቴው ምን አለ?

ፕሮፌሰር፦ ምን ይላል! ሳቁ። «አልመጡም» ከሚለው ሥር ፊርማዬ አለበት።

ፋሻ፦ የእርስዎ?

ፕሮፌሰር፦ ከነቲተሩ።

ፋሻ፦ አለመምጣትዎን አረጋግጠው ፈረሙ?

ፕሮፌሰር፦ ካርዱ አርባ ነው! ማን አንብቦ ይዘልቀዋል? [ብስጭታቸው ሲበረታ አምስት ካርድ ባንድ ትንፋሽ ይፈርማሉ።]

ፋሻ፦ [የሞኝ ፈገግታው ለአፍታ ከፊቱ ይጠፋል] የእኚያን የሰባት ቁጥሯን አሮጊት ቁስል የማጥበው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ትንፋሽ አጥሯቸው እጄን ይዘው «ሐኪሙ መጡ?» ይሉኝ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት «እየመጡ ነው» እያልኩ ዋሸኋቸው። ልጅቷ ናት ሮጣ፣ የልብ ሐኪሙን ከካፌ አስነስታ ያመጣችው። ሐሙስ በእግራቸው ሄደው ቤታቸው ገቡ። እኔ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ፕሮፌሰር።

[ፕሮፌሰር መመሪያውን ያገላብጣሉ።]

ፕሮፌሰር፦ ማዘን የሚል እዚህ ውስጥ የለም።

ፋሻ፦ የለም?

ፕሮፌሰር፦ የለም። እንዲያውም ያንተ ችግር ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። አቀባበል አታውቅም። ምክር የሚቀበል ሰው «ግን» አይልም፣ «አዩኝ ወይ» አይልም፣ «አዘንኩ» አይልም። ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚለው፦ «አመሰግናለሁ፣ አስተካክላለሁ።» በቃ። ተነሥ፣ እንቀያየር።

ፋሻ፦ ምን እንቀያየር?

ፕሮፌሰር፦ አንተ እኔን ሁን፣ እኔ እሷን እሆናለሁ። እንዴት እንደሚመከሩ ላሳይህ።

ፋሻ፦ እኔ እርስዎን ልሁን? ኧረ ይቅርብኝ። ሰው ቢያየኝስ?

ፕሮፌሰር፦ ማንም አያይህም። ተቀመጥ።

[ፋሻ ስፖንጁ ላይ በፍርሃት ይቀመጣል፤ ከዚያ ትንሽ ይንፈላሰሳል። ፕሮፌሰር እግሩ ባጠረው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ሊወድቁ ደርሰው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያንቃሉ።]

ፋሻ፦ የማንን ጥፋት ልናገር?

ፕሮፌሰር፦ የማንም ይሁን! ዋናው አቀባበሉ ነው። ብቻ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፤ በዓይንህ ያየኸውን። ካላየህ አትናገር።

ፋሻ፦ ያየሁትን? እሱን እችላለሁ። ግን ስለምረሳ ወረቀት ላይ ልጻፈው። [ከኪሱ የታጠፈ ፎርም ያወጣል] ደግሞ አንቺ ልልዎት አልደፍርም። እርስዎ እያልኩ ልምከርዎት።

ፕሮፌሰር፦ እንደፈለግክ። ቀጥል፣ ሰዓት እየሄደ ነው። [አንገታቸውን ደፍተው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው] እንደምን ዋሉ፣ ፕሮፌሰር?

ፋሻ፦ በመጀመሪያ ጥሩ ጎን። የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። የአንድ ጎረምሳ ቁስል እያጠብኩ ነበር። እርስዎ ወደ ሌላ በሽተኛ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም አሉ። አልነኩትም፣ አልጠየቁትም፤ አተነፋፈሱን ብቻ አዳምጠው «ይኼን ልጅ አሁኑኑ ወደ ቀዶ ጥገና» አሉ። ሌሎቹ ሁለት ቀን አይተውት ያላወቁትን ነው። ያን ቀን ለባለቤቴ፣ «ከእኔ ጋር የሚሠሩ ሰው አሉ፣ በጆሯቸው የሚያዩ» ብያታለሁ።

ፕሮፌሰር፦ [ድምፃቸው ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ይመለሳል] ያን ልጅ... ታስታውሰዋለህ?

ፋሻ፦ ተመካሪ አይጠይቅም።

ፕሮፌሰር፦ አዎ። አዎ፣ ትክክል። አመሰግናለሁ። አጀማመርህ መጥፎ አይደለም።

ፋሻ፦ ወደ ጥፋት ልግባ?

ፕሮፌሰር፦ ግባ።

ፋሻ፦ ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ሰባት ቁጥር አልጋ። ሦስት ጊዜ ሰው ተላከብዎት፣ የተላክሁትም እኔ ነበርኩ። በዚህ በር ገባሁ፣ ጋዜጣ ያነቡ ነበር፣ «መጣሁ» አሉኝ። አልመጡም።

ፕሮፌሰር፦ ይኼ እኮ... 

ፋሻ፦ እ?

ፕሮፌሰር፦ [ጥርሳቸውን ነክሰው] አመሰግናለሁ፣ አስተካክላለሁ።

ፋሻ፦ ጎበዝ። ዛሬ ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ እዚሁ ቢሮ። እኔ ከገባሁ ወዲህ ሃያ ሦስት ካርድ ፈርመዋል፣ አንዱንም አልገለጡም። ከመካከላቸው አንደኛው ባዶ ነው፤ ሳላውቅ ከሌሎቹ ጋር ይዤው መጣሁ፣ በሽተኛም የለበት። እሱም ከእርስዎ ጋር ታይቷል።

ፕሮፌሰር፦ የቱ ነው?

ፋሻ፦ እንዲህ ተብሎ ነው የሚመለሰው?

ፕሮፌሰር፦ አመሰግናለሁ። አስተካክላለሁ!

ፋሻ፦ ድምፅዎን ዝቅ፣ ልጄ። ረቡዕ፣ ጠዋት፣ የሥልጠናው አዳራሽ። የረቡዕንም የሐሙስንም የመገኘት ፊርማ ባንድ ጊዜ ፈርመው በሻይ ሰዓት በጓሮ በር ወጡ። ቁስል ማሸጊያ ላወርድ ስሄድ አየሁዎት። ሰላም አልኩዎት።

ፕሮፌሰር፦ [ወንበሩ ከድቷቸው] አንተ! አሁን አበዛኸው!

ፋሻ፦ አቀባበሉን ያሳዩኛል ብዬ ነው እንጂ፣ ከከበደ እንተወው። አሠልጣኟ ሲከብድ ያቁሙ ብላለች።

ፕሮፌሰር፦ ማን ከበደኝ አለ? [ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ ሙያቸው መነካቱ ነው] አመሰግናለሁ። አስተካክላለሁ። ተመልከት፣ ፊቴን ተመልከት። ምንም የለም።

ፋሻ፦ ያስቀናል። እንግዲህ ለወደፊቱ ምን ያደርጋሉ?

ፕሮፌሰር፦ [እንደ መልካም ተዋናይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው] ከሰኞ ጀምሮ በየጠዋቱ ራውንድ ላይ እገኛለሁ። ያላየሁትን በሽተኛ አልፈርምም። ስጠራ እመጣለሁ።

ፋሻ፦ [እየጻፈ] «ስጠራ... እመጣለሁ።» እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።

[ፕሮፌሰር ሳያዩ ይፈርማሉ። ቋ።]

ፕሮፌሰር፦ አየህ? ምክር መቀበል ማለት ይኼ ነው። ሥልጠና ያልገባ ሰው ይኼን አይችልም። አንተም አትዘን፣ ለዘገምተኛ ሰው ደኅና ሞክረሃል። ወዴት ነው?

ፋሻ፦ [በር ጋ ደርሷል] ላስረክብ።

ፕሮፌሰር፦ ምኑን?

ፋሻ፦ ይኼን። አሠልጣኟ ደረጃው ሥር ቆማ እየጠበቀች ነው።

ፕሮፌሰር፦ የልምምድ ወረቀት ምን ያደርግላታል?

ፋሻ፦ ልምምድ ያሉት እርስዎ ነዎት። በሁለተኛው ቀን እኮ ተነግሯል፤ መምህራኑ አዲሶቹን ከመምከራቸው በፊት፣ እያንዳንዱን መምህር በየቀኑ የሚያየው፣ በማዕረግ ከሥሩ ያለ አንድ ሠራተኛ ይመክረዋል። ፊት ለፊት፣ በፊርማ።

ፕሮፌሰር፦ [ቀስ ብለው] አንተ ይኼን በምን አወቅህ?

ፋሻ፦ ሐሙስ «ሂድና ሰርተፊኬቴን አምጣልኝ» ብለው አልላኩኝም? ሥልጠናው ሳያልቅ አንሰጥም አሉኝ። ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ተማርኩ፣ ደስ ይላል። መጨረሻ ላይ «ፕሮፌሰርን ማን ይመክራል?» ሲባል እጄን አወጣሁ።

ፕሮፌሰር፦ ደፍረህ!

ፋሻ፦ ሽንት ቤቱ የት ነው ልል ነበር። ተቆጠረብኝ።

ፕሮፌሰር፦ አይረባም! ሕጋዊ አይደለም! የሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ሰርተፊኬቱ እዚያ ግድግዳ ላይ የማን ነው?

ፋሻ፦ አንብበውታል?

[ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አድርገው ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ የሰቀሉትን ሰርተፊኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነባሉ።]

ፕሮፌሰር፦ ይኼ... ይኼ ሰውዬ ደግሞ ማነው?

ፋሻ፦ እኔ ነኝ።

ፕሮፌሰር፦ ስምህ እንዲህ ነው እንዴ?

ፋሻ፦ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፣ ፕሮፌሰር። ሁለቱን ቀን ለተገኘ ነው የሚሰጠው ብለው፣ ረቡዕ እርስዎ ሲወጡ ገብቼ ከሻይ በኋላ የተከታተልኩትን ከሁለተኛው ቀን ጋር ደምረው ለእኔ ጻፉልኝ። እርስዎ ተቀብለው ሚስማር ሲጠይቁኝ ልናገር ነበር፤ ደስታዎን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ፕሮፌሰር፦ [ቀልተው] ያን ወረቀት ቅደደው! አሁኑኑ! እኔ በጥፍሬ ያሳደግኩት ክፍል ውስጥ፣ ፋሻ ጠቅላይ ተነሥቶ...

ፋሻ፦ ቆይ፣ ቆይ። [ፎርሙን ገልጦ] ከታች አንድ ቦታ አለ። «ተመካሪው ምክሩን እንዴት ተቀበለ? በእርጋታ፣ በቁጣ።» እኔ «በእርጋታ» ላይ ነበር ምልክት ያደረግኩት። ልለውጠው?

[አየር ሲገባና ሲወጣ ይሰማል፤ የፕሮፌሰር አየር ነው።]

ፕሮፌሰር፦ አመሰግናለሁ። አስተካክላለሁ።

ፋሻ፦ ከልምምዱ ይኼኛው በለጠ።

ፕሮፌሰር፦ እንስማማ። እኔ ለልጅቷ «ብቁ» ልበል፣ አንተ የእኔን አለስልሰው።

ፋሻ፦ ይኼም ቦታ አለው፣ ገጽ ሁለት ላይ። «ተመካሪው ለመደራደር ሞክሯል?» አልሞላሁትም። አልሰማሁም ማለት እችላለሁ።

ፕሮፌሰር፦ አልሰማህም። ምንም አልተናገርኩም።

ፋሻ፦ የልጅቷ ፎርምስ?

[ፕሮፌሰር ፎርሙን ይስባሉ። «ትድገም» የሚለውን ምልክት ያዩታል፤ ጠዋት እንዴት ቀሎ እንደነበር።]

ፕሮፌሰር፦ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጠቅሰህ በዓይንህ ያየኸውን ጻፍ ይላል።

ፋሻ፦ ምን አይተዋል?

ፕሮፌሰር፦ [ከብዙ ማሰብ በኋላ] ስኒከሩን።

ፋሻ፦ እሱን ይጻፉዋ።

ፕሮፌሰር፦ [ቀስ ብለው፣ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በሚነበብ ጽሑፍ] «ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ስትሮጥ አይቻታለሁ። ብቁ ናት።» [«ትድገም»ን ይሰርዛሉ፣ ይፈርማሉ፤ ግን መጀመሪያ ያነቡታል።] ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ፋሻ። አይ፣ ፋሻ አይደለም ለካ። ደክሞኝ ነበር። ሰው አንድ ቀን ይቀራል፣ ምንም ሳይሆን ያልፋል። ሁለተኛ ቀን ይቀራል። ከዚያ መሄዱ ነው የሚያሳፍረው።

ፋሻ፦ ይኼን አልጽፈውም። ይኼ የእኛ ነው።

[ስልክ ይጮኻል። ፕሮፌሰር ስሙን አይተው እንደ ልማዳቸው ሊያጠፉት ጣታቸውን ይዘረጋሉ። ፋሻን ያያሉ። ፋሻ ጣሪያውን ያያል። ያነሡታል።]

ፕሮፌሰር፦ አቤት፣ ዶክተር። አዎ፣ እኔው ነኝ። እኔው ነኝ አልኩ እኮ፣ ምን ያስደነግጥሻል? አሃ። ስንት ቁጥር? ትንፋሹስ እንዴት ነው? አታንቀሳቅሱት። መጣሁ። [ይዘጉታል] ለምክር መምጣት አልቻልኩም አለች፣ በሽተኛ ይዛለች። አሥራ ሁለት ቁጥር አልጋ ላይ።

ፋሻ፦ አሠልጣኟን ምን ልበላት?

ፕሮፌሰር፦ ከፈለገች ዋርድ ትምጣና ትመልከተን። [ጋወናቸውን ከመስቀያው ያወርዳሉ። ከመታጠፉ ብዛት ተጣብቋል።] እነዚህን ካርዶች መልሰህ ውሰዳቸው። ያልፈረምኳቸውን።

ፋሻ፦ የፈረሟቸውንስ?

ፕሮፌሰር፦ የፈረምኳቸውንም! ሁሉንም አልጋቸው ላይ አስቀምጥልኝ፣ እየዞርኩ አየዋለሁ። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ይማሩበታል። ሠላሳ ዓመት የቆምኩበት ዋርድ ነው፣ እያንዳንዷን ንጣፍ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ! [በሩን ብርግድ አድርገው ወጥተው፣ ወደ ቀኝ ታጥፈው፣ ከዓይን ይሰወራሉ። የጫማቸው ኮቴ እየራቀ ይሰማል።]

ፋሻ፦ [ካርዱን እንደተሸከመ ወደ ኮሪደሩ ሮጦ፣ በሙሉ ድምፁ] ፕሮፌሰር! ኧረ ፕሮፌሰር! ወደ ግራ ነው! ዋርዱ ከተዛወረ እኮ አራት ወሩ ነው፣ እዚያ ልብስ ማጠቢያ ነው!